ምስክርን አክብሮ ስለ መጠየቅ፦ ለመመረቂያ ጽሑፍ ለሚዘጋጁ ወጣቶች

የመመረቂያ ጽሑፍ የሚዘጋጅበት ወራት በደረሰ ቍጥር በየኮሌጁ ግቢ አንድ ዓይነት ጭንቀት ይሰማል፤ ተማሪው ርእሱን ያስመዘግባል፥ አማካሪ መምህሩም ይሁን ብሎ ይፈርማል፥ ከዚያ ወዲያ ግን ንባቡን ከየት እንደሚጀምር፥ ያነበበውንም በምን ሥርዓት እንደሚይዝ በግልጽ የሚነግረው ሳያገኝ ብዙ ሳምንታት ያልፋሉ። በዚህ ገጽ የምንገናኝ ወዳጆቼ፥ ይልቁንም ገና በትምህርት ላይ ያላችሁ ወጣቶች፥ ጽሑፌ ረዘም ቢልባችሁም ታግሣችሁ እንድታነቡልኝ እለምናለሁ፤ ምክንያቱም ነገሩ ማዕርግ ከማግኘትና ከማጣት በላይ ነውና። በቤተ መጻሕፍት የሚደረግ ምርምር ከእኛ በፊት የነበሩት ሰዎች በጽሑፍ ያኖሩትን ምስክርነት ተቀብሎ፥ ማንነታቸውን ሳይሰውሩ፥ ቃላቸውንም ሳያጣምሙ፥ ከእኛ በኋላ ለሚመጡት የማስተላለፍ አደራ ነው ብዬ አምናለሁ።

የዚህ አደራ መጀመሪያ ጥያቄን ማጥበብ ነው። «የኢትዮጵያ የምድር ባቡር ታሪክ» ብሎ የተነሣ ተማሪ በእጁ የያዘው ሰፊ አገር እንጂ መንገድ አይደለም፤ የውሉን ነገር፥ የፈረንሳዮችንና የእንግሊዞችን ፉክክር፥ የድሬዳዋን መቈርቈር፥ የሠራተኛውን ኑሮ ሁሉ በአንድ ጽሑፍ ልያዝ ቢል፥ ከሁሉም ቆንጥሮ አንዱንም ሳይጨብጥ ይቀራል። «ሐዲዱ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ በነበሩት አሥር ዓመታት ውስጥ ቀድሞ በሲራራ ነጋዴዎች እጅ የነበረው የከተማይቱ ንግድ እንዴት ተለወጠ?» ብሎ የጠየቀ እንደ ሆነ ግን ቦታው፥ ዘመኑና ሰዎቹ ተለይተው ስለ ታወቁ የትኛውን መጽሐፍ መግለጥ፥ የትኛውንም መተው እንዳለበት ጥያቄው ራሱ ይመራዋል። ስለዚህ ማንም ተማሪ ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር አጥርቶ ሳይጽፍ ወደ ቤተ መጻሕፍት ባይሄድ ይሻለዋል፤ ንባቡ እየሰፋ ሲሄድ ጥያቄው ቢታረምም ነውር የለበትም፥ እንዲያውም የትጋት ምልክት ነው።

ከጥያቄው ቀጥሎ የንባቡ ተራ ይታሰባል። በቅድሚያ ዘመኑን በጠቅላላ የሚያሳዩ ሥራዎች ይነበባሉ፤ ለምሳሌ ለጠቀስነው ጥያቄ የፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ የዘመናዊት ኢትዮጵያ ታሪክና ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ከ1800 እስከ 1935 እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር ያለውን ዘመን የዳሰሱበት የኢኮኖሚ ታሪክ ይበቃሉ። እነዚህ የሚነበቡት ለሚናገሩት ታሪክ ብቻ አይደለም፤ በግርጌ ማስታወሻቸውና በዋቢዎቻቸው ዝርዝር ውስጥ ወደ ቀደሙት ምስክሮች የሚወስደውን መንገድ ያመለክታሉና። ከዚያም ተማሪው ወደ መጽሔት ጥናቶችና ወደ ቀደሙ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፎች፥ በመጨረሻም በዘመኑ ወደ ነበሩት ሰዎች መጻሕፍት፥ ወደ ጋዜጦችና ወደ መንግሥት መዛግብት ይወርዳል። ለዚህ ሥራ በአዲስ አበባ ሁለት ታላላቅ ደጆች ክፍት ናቸው፤ አንደኛው በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተው፥ ሕዝቡ ወመዘክር እያለ የሚጠራው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ሁለተኛውም በስድስት ኪሎ ግቢ በ1963 እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር በፕሮፌሰር ፓንክረስት ዲሬክተርነት ሥራውን የጀመረው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ነው።

ወደ ካታሎጉ ስንቀርብ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነገር ያጋጥመናል። የአገራችን ሰው በገዛ ስሙ እንጂ በአባቱ ስም ስለማይጠራ፥ በአንዱ ዝርዝር ውስጥ «ባሕሩ» ከሚለው ስም ሥር የተመዘገበው መጽሐፍ በሌላው፥ ይልቁንም በውጭ አገር በተዘጋጀው፥ «ዘውዴ» ከሚለው ሥር ይገኛል። በኮምፒዩተር በሚፈለግበት ጊዜ ደግሞ የፊደላችን ነገር ይጨመርበታል፤ የ«ዝክረ ነገር» ደራሲ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በአንዱ መዝጋቢ እጅ «ማኅተመ ሥላሴ»፥ በሌላው እጅ «ማህተመ ስላሴ» ተብለው ሊጻፉ ይችላሉ፤ መሣሪያውም ሥላሴን በንጉሡ «ሠ» የፈለገውን ሰው በእሳቱ «ሰ» የተጻፈውን ላያሳየው ይችላል። በላቲን ፊደል ሲሆን ልዩነቱ ይብሳል። እንግዲህ አንድ ጊዜ ፈልጎ «መጽሐፉ የለም» ብሎ መመለስ አይገባም፤ ስሙ ሊጻፍ የሚችልበትን መንገድ ሁሉ አስቀድሞ በወረቀት ላይ ዘርዝሮ በየተራ መሞከር፥ ከዚያም የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ በትሕትና መጠየቅ ይገባል። ዕድሜውን በመጻሕፍት መካከል ያሳለፈ ሠራተኛ በዝርዝሩ ያልተጻፈውን ሁሉ ያውቃል፤ ጥያቄውን በግልጽ ለሚያስረዳው አንባቢም ዕውቀቱን ሲነፍግ አላየሁም።

መጽሐፉ ከተገኘ በኋላ የማስታወሻ አያያዝ ይከተላል፤ ብዙ ጽሑፍ የሚበላሸውም በዚህ ላይ ነው። እኔ የማውቀውና የምመክረው ሥርዓት ይህ ነው፦ ለእያንዳንዱ ሐሳብ አንድ ካርድ ወይም አንድ ትንሽ ወረቀት ይያዝ፤ በራስጌው የደራሲው ስም፥ የመጽሐፉ ርእስ፥ የታተመበት ዓመት፥ ስንተኛ እትም እንደ ሆነና ገጹ ይጻፍ፤ ከዚያ በታች የደራሲው ቃል እንደ ወረደ ከተገለበጠ በትእምርተ ጥቅስ ይታጠር፥ በራስ አነጋገር ከተጠቃለለም ጥቅስ አለመሆኑ ይገለጽ፤ አንባቢው የራሱን አስተያየት መጨመር ከወደደ ደግሞ በወረቀቱ ጀርባ ወይም በሌላ ቀለም ይጻፈው። ይህ ልዩነት በዕለቱ ካልተጠበቀ ከሦስት ወር በኋላ የደራሲው ቃል የቱ፥ የራሱም ቃል የቱ እንደ ሆነ ተማሪው ራሱ መለየት ያቅተዋል፤ ሳያስበውም የሰውን ሐሳብ የራሱ አስመስሎ ያቀርባል። የእትሙን ነገር መጻፍም ከንቱ ድካም አይደለም፤ «ዝክረ ነገር» በ1942 ዓ.ም. ታትሞ በ1962 ዓ.ም. ሁለተኛ ጊዜ ስለ ታተመ፥ እትሙ ሳይገለጽ የተጠቀሰ ገጽ ፈላጊውን ወደ ሌላ ስፍራ ሊመራው ይችላል።

የዘመን አቈጣጠር ነገር ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ያሻዋል። ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው ብለው የውጭ አገር መጻሕፍት ይጽፋሉ፤ ብርሃንና ሰላም ጋዜጣም መታተም የጀመረው በ1917 ነው። ሁለቱን ቍጥሮች ጎን ለጎን ያየ ጥድፈኛ አንባቢ ጋዜጣውና ባቡሩ በአንድ ዓመት እንደ መጡ ቈጥሮ፥ የባቡሩንም መድረስ ዜና በጋዜጣው የመጀመሪያ ዕትሞች ውስጥ ሊፈልግ ይነሣል። እውነቱ ግን የባቡሩ 1917 የኤውሮጳውያን፥ የጋዜጣው 1917 የእኛ አቈጣጠር መሆኑ ነው፤ ባቡሩ በእኛ 1909 ዓ.ም. ስለ ደረሰ በሁለቱ መካከል ስምንት ዓመት ያህል አለ። ከመስከረም እስከ ኤውሮጳውያን ዘመን መለወጫ ልዩነቱ ሰባት፥ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጕሜን መጨረሻ ስምንት መሆኑን አስታውሶ፥ በየካርዱ ላይ የማን አቈጣጠር እንደ ሆነ መጻፍ ብቻ ከዚህ ሁሉ ስሕተት ያድናል።

ምስክሩ የተናገረበትንም ጊዜ መመርመር እንዲሁ ነው። የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በ1916 ዓ.ም. ታተመ፤ ደራሲው ግን በ1911 ዓ.ም. ዐርፈው ነበር። ስለዚህ መጽሐፉን ከኅትመቱ ዓመት ብቻ ተነሥቶ በ1916 ዓ.ም. ስለ ነበረው ንግድ እንደ ተሰጠ ቃል የሚጠቅስ ሰው የሟቹን ምስክርነት ባላዩት ዘመን ላይ ያውለዋል። በአንጻሩ ደራሲው በድሬዳዋ የነጋድራስነት ሹመት እንደ ነበራቸው ያወቀ አንባቢ፥ ስለ ጉምሩክና ስለ ንግድ የሚናገሩት በዓይናቸው ያዩትንና በእጃቸው የሠሩትን መሆኑን ተረድቶ ለቃላቸው ተገቢውን ክብደት ይሰጣል፤ የሚደግፉትና የሚነቅፉት ሥርዓት እንደ ነበረም አይዘነጋም። ማን ተናገረ፥ መቼ ተናገረ፥ በምን ሥልጣን ተናገረ፥ ማንን ደስ ለማሰኘት ወይም ማንን ለመገሠጽ ተናገረ የሚሉት ጥያቄዎች ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ሊቀርቡ ይገባል።

ምስክሮቹ እርስ በርሳቸው በሚጣሉበት ጊዜ ወጣቱ ተመራማሪ አይደንግጥ። የአገራችን የመጻሕፍት መምህራን በጉባኤ ቤት አንዱን ንባብ ሲተረጕሙ አንዱን ፍቺ ተናግረው «አንድም» እያሉ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ያስከትላሉ፤ የሚስማሙበትን በመረጡ ጊዜም የቀረውን አይሰርዙትም፥ ደቀ መዝሙሩ ሁሉንም ይዞ እንዲሄድ ይፈቅዳሉ እንጂ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪም እንዲህ ያድርግ፤ አንዱ ጸሐፊ ባቡሩ የሲራራውን ነጋዴ ጨርሶ አጠፋው ቢል፥ ሌላውም ሥራውን ከጣቢያ ወደ ገጠር ወደ ማመላለስ ለወጠለት ቢል፥ ሁለቱንም በየማስረጃቸው አቅርቦ የትኛው እንደሚያመዝን ከነምክንያቱ ይናገር። ለራሱ ሐሳብ የማይመቸውን ማስረጃ ከጽሑፉ ማስቀረት የዳኛን ሥራ ትቶ የጠበቃን ሥራ መያዝ ነው።

ዛሬ አንድ ጥያቄ ጽፎ ከመረብ ላይ በቅጽበት የተዘጋጀ መልስ መቀበል ይቻላል፤ የጊዜውን ጥበብ የሚጠላ አይደለሁም፥ መጽሐፍ ለማግኘትም ሆነ የሩቁን ለማቅረብ እጅግ ይረዳል። ነገር ግን ባለቤቱ ያልታወቀ፥ ገጹ ያልተጠቀሰ ቃል ሊመረመር ስለማይችል ምስክር ሊባል አይገባውም፤ ከዚያ የተገኘው ነገር ሁሉ ወደ መጽሐፉ ተሂዶ በዓይን ካልታየ በጽሑፍ አይግባ።

ወጣቶች ሆይ፥ ይህን ሁሉ ያልሁት ስለ አንድ ነገር ነው። የኢትዮጵያን ታሪክ የሚመረምሩ ሊቃውንት፥ ከባሕር ማዶ የሚመጡትም ጭምር፥ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለመጀመሪያ ዲግሪ ያዘጋጇቸውን ያልታተሙ ጽሑፎች በስድስት ኪሎ ፈልገው ያነባሉ፥ በመጻሕፍቶቻቸውም ይጠቅሷቸዋል፤ ከእነዚህ ጽሑፎች ውስጥ አንዳንዶቹ ዛሬ በሕይወት ከሌሉ ሽማግሌዎች የተሰማ ቃል ይዘዋል፥ ያም ቃል በሌላ ስፍራ አይገኝም። እናንተም ለማዕርግ ብላችሁ የምትጽፉት ገጽ ነገ የማታውቁት ሰው እውነት ነው ብሎ የሚደገፍበት ምስክር ይሆናል። ስለዚህ ከመምህር ፊት ለማለፍ ብቻ አትጻፉ፤ የጠቀሳችሁትን ገጽ ገልጣችሁ ዳግመኛ አይታችሁ፥ ዓመተ ምሕረቱን አመሳክራችሁ፥ ያላገኛችሁትንም አላገኘሁትም ብላችሁ በግልጽ ጽፋችሁ አስረክቡ። አማካሪ መምህራንም ተማሪዎቻችሁን ከመጨረሻው ረቂቅ በፊት ካርዶቻቸውን እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ፤ ለሥርዓቱ የሚተጋ መምህር ካለ፥ ሥርዓቱን የሚማር ተማሪ አይጠፋምና።