ቲፎዞና ባለቤት

እኛ በቺካጎ የምንማር ሐበሾች ስንሰበሰብ ስለ ኳስ ከተነሣ ወሬው ያው የእግር ኳስ ነው። አርሴናል፣ ማንቼስተር፣ ጊዮርጊስ፣ ቡና። እኔ አፌን ከፍቼ «ዋይት ሶክስ» ያልኩ እንደሆነ ግን ቤቱ ሳቅ በሳቅ ይሆናል። «ደሞ ያንን የዱላ ጨዋታውን ጀመረ!» ይሉኛል። ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆሞ መትፋት ምኑ ስፖርት ነው የሚልም አለ። ይሁን፤ አልቀየምም። ዛሬ የምጽፈው ጨዋታውን ላስተምራችሁ ብዬ አይደለም። ጨዋታውን ባትወዱትም የሚያገባችሁ ነገር ስላለበት ነው። ይኸውም፦ አንድ ሰው የራሱ ያልሆነን ነገር ዕድሜ ልኩን ሲወድና ባለቤቱ ደግሞ ያንን ፍቅር እንደ ተቀማጭ ገንዘብ ሲቆጥረው ምን ማድረግ ይችላል? (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

መጀመሪያ ነገሩን ላስረዳ። የቤዝቦል ቡድን በአንድ የውድድር ዘመን 162 ጊዜ ይጫወታል። ብዛቱ ሲታይ የትኛውም ቡድን ምንም ያህል ቢከፋ በአጋጣሚም ቢሆን የሚያሸንፈው አያጣም። የጨዋታው አዋቂዎች 162ቱን ለሦስት ይከፍሉታል። 54ቱን ማንም ያሸንፋል፣ 54ቱን ማንም ይሸነፋል፣ ሰው የሚለየው በቀሩት 54 ነው ይላሉ። ታዲያ በ2024 የኛ ዋይት ሶክስ 41 አሸንፎ 121 ተሸነፈ። ለማንም በነፃ የሚታደለውን 54 እንኳ አላገኘም ማለት ነው! ከ1901 ወዲህ በትልቁ ሊግ ይህን ያህል የተሸነፈ ቡድን የለም። የድሮው ክብረ ወሰን የኒው ዮርክ ሜትስ ነበር፤ በ1962 120 ጊዜ ተሸንፏል። ሜትስ ግን ያን ዓመት ገና የተወለደ ቡድን ነው፤ ሕፃን ቢወድቅ አይፈረድበትም። የኛው ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ ሽማግሌ ነው።

የዓመቱ ዝርዝር እንዲህ ይመስላል። ከመጀመሪያዎቹ 25 ጨዋታዎች ያሸነፈው ሦስቱን ብቻ ነው። ወደ ግንቦት መጨረሻ 14 ተከታታይ ሽንፈት፤ ከጁላይ 10 እስከ ኦገስት 5 ደግሞ 21 ተከታታይ ሽንፈት። ሃያ አንድ ቀን ሳይሆን ሃያ አንድ ጨዋታ! ኦገስት 6 ቀን ኦክላንድ ላይ ሲያሸንፍ የዓለም ዋንጫ የወሰደ ይመስል ደስ አለን፤ አሠልጣኙ ፔድሮ ግሪፎል ግን በሁለተኛው ቀን ተሰናበተ። በጠቅላላው ቡድናችን ያስቆጠረው ከተቆጠረበት በ306 ያነሰ ነበር።

የእኔን ቲፎዞነት የተከለብኝ አጎቴ ነው። ጋሼ በ1983 ከሱዳን ሲመጣ የመጀመሪያ ሥራው መሐል ከተማ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነበር። አብሮት የሚያድር አንድ የሜክሲኮ ሰው ሬዲዮ ይከፍታል፣ ጋሼ እንግሊዝኛውን ከዚያ ይለቅማል። ያን ዓመት ደግሞ ዋይት ሶክስ 99 ጨዋታ አሸንፎ የምድቡ አንደኛ ሆነ። እንግዲህ ሰውየው አገሩን ጥሎ፣ ማንም ሳያውቀው፣ ሌሊት ሌሊት በባዶ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጦ፣ «የኛ ቡድን» የሚለውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ በባዕድ ቋንቋ የተናገረው ያኔ ነው። በኋላ ታክሲ ነዳ። ቤቱ በሰሜን በኩል ነው፤ ሐበሻው ሁሉ ባለበት በአፕታውን አጠገብ። እዚያ ሰፈር የሚደገፈው ካብስ ነው። ጋሼ ግን ለአርባ ዓመት እዚያው እየኖረ የደቡቡን ቡድን አልተወም። «ሰፈሬ ሲያገኘኝ ነው እንጂ መርጬው ነው? ቡድኔን ግን መርጬዋለሁ» ይላል።

በ2005 ዋጋውን አገኘ። ዋይት ሶክስ የሂውስተን አስትሮስን 4 ለ 0 ጠርጎ ከ1917 ወዲህ የመጀመሪያውን ዋንጫ ወሰደ። በዚያ ዓመት የማጣሪያና የፍጻሜ ጨዋታዎች 11 አሸንፎ አንድ ብቻ ነው የተሸነፈው። ጋሼ እስከ ዛሬ ድረስ የልጆቹን ልደት ሲረሳ የዚያን ኦክቶበር ቀኖች አይረሳም። በሚቀጥለው ዓመት ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ስታዲየም ገባ። በ2024 የገባው 1 ሚሊዮን 380 ሺህ ገደማ ነው።

እና እንዴት ከዚያ እዚህ ተደረሰ? ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ይባላል። ተጫዋቹን መስደብ ቀላል ነው፤ ኳስ የሚያመልጠው እሱ፣ በቴሌቪዥን የሚታየውም እሱ ነው። ኳስ የሚያመልጠውን ልጅ ያመጣው ግን ቢሮ የተቀመጠው ሰው ነው።

በ2016 መጨረሻ ቢሮው አንድ ውሳኔ ወሰነ፦ ያሉንን ኮከቦች ሸጠን በምትካቸው ወጣቶች እንሰብስብ፣ ጥቂት ዓመት እንሸነፍ፣ ከዚያ ለረጅም ጊዜ እናሸንፋለን። ክሪስ ሴል የሚባለው ድንቅ ወርዋሪ ወደ ቦስተን ሄደ፣ ሌሎችም ተከተሉት። እኛም ታገሡ ተባልን፤ ታገሥን። በ2018 100 ጊዜ ስንሸነፍ እንኳ «ግድ የለም፣ ወጣቶቹ እየደረሱ ነው» እያልን እርስ በርስ ተጽናናን። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። እውነቱን ለመናገር ላሟ ትንሽ ታልባለች፦ በ2020 እና በ2021 ቡድኑ በተከታታይ ወደ ማጣሪያው ገባ፣ በታሪኩም ይህ ሲሆን የመጀመሪያው ነበር። ግን ሁለቱንም ጊዜ በመጀመሪያው ዙር ወጣ። በ2022 81 አሸንፎ 81 ተሸነፈ፤ በ2023 101 ተሸነፈ፤ ከዚያ 121 መጣ። ሦስት ዓመት የተከለ፣ ሁለት ዓመት የበላ፣ መልሶ የተራበ ቤት።

በመሐል የተደረገውን ተመልከቱ። ቡድኑ ገና ሲያብብ፣ በ2020 መጨረሻ፣ ቶኒ ላ ሩሳ በአሠልጣኝነት ተቀጠረ። ታላቅ ሰው ነው፣ አይካድም። ነገር ግን 76 ዓመቱ ነበር፣ ካሠለጠነም ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። ለምን እሱ? ባለቤቱ ጄሪ ራይንስዶርፍ በ1986 ይኸው ሰው ከዚሁ ቡድን ሲባረር ዝም በማለታቸው ለብዙ ዓመት ሲቆጩ ስለኖሩ ነው። የቆየ ጸጸት በወጣቶች ትከሻ ላይ ተከፈለ። ገንዘቡንም ብትሉ፣ ያን ጊዜ ሌሎች ቡድኖች ለአንድ ተጫዋች ሁለትና ሦስት መቶ ሚሊዮን ዶላር ሲፈርሙ በዋይት ሶክስ ታሪክ ትልቁ ውል ለአንድሩ ቤኒንቴንዲ የተሰጠው የአምስት ዓመት 75 ሚሊዮን ነው። እሱም ኮከብ አልሆነም።

በኦገስት 2023 ሥራ አስኪያጁ ሪክ ሀንና አለቃው ኬን ዊልያምስ በአንድ ቀን ተሰናበቱ። ተስፋ አደረግን። አሁን ከውጭ አዲስ ዓይን ያለው ሰው ይመጣል አልን። አሥር ቀን ሳይሞላ እዚያው ቤት የወጣቶችን ሥልጠና ይመራ የነበረው ክሪስ ጌትዝ ተሾመ። ባለቤቱ የሰጡት ምክንያት ቤቱን የሚያውቅ ሰው ቶሎ ያሻሽለዋል የሚል ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የሆነውን ከላይ ጽፌዋለሁ።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ ልሁን። ራይንስዶርፍ ክፉ ሰው ናቸው አልልም። ቡድኑን በ1981 ከሸሪኮቻቸው ጋር በ20 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዙ፣ የ2005ን ዋንጫ ያመጣው ቢሮ የሳቸው ነው፣ ቺካጎ ቡልስ ስድስት ጊዜ ሻምፒዮን ሲሆንም ባለቤቱ እሳቸው ነበሩ። አብረዋቸው የሚሠሩትን ሰዎች አይጥሉም ይባላል፤ የማውቃቸው ጸሐፊዎች ሁሉ ታማኝነታቸውን ያነሣሉ። እንግዲህ በበኩሌ ነገሩን ሳሰላስለው የቆየሁት እዚህ ላይ ነው። ታማኝነት መልካም ጠባይ ነው እንላለን። ግን ታማኝነት ለማን? ከጌታው ቢሮ እስከ ጎረቤት ቢሮ ድረስ ብቻ የሚሄድ፣ ደረጃውን ወርዶ ወደ ሕዝቡ የማይደርስ ታማኝነት ከዝምድና በምን ይለያል? ከታች ያለው የጋሼ ታማኝነት ደግሞ የላይኛውን ይመግበዋል። እሱ የትም እንደማይሄድ ያውቃሉኣ!

በአገራችንም ሆነ በእንግሊዝ እግር ኳስ መጨረሻ የወጣ ቡድን ወደ ታች ይወርዳል። ቢሮው የሚፈራው ነገር አለ። እዚህ መውረድ የለም። 121 ጊዜ ተሸንፈህ በሚቀጥለው መጋቢት እዚያው ሊግ ውስጥ ትጀምራለህ፣ ከቴሌቪዥኑ ገንዘብም ድርሻህን ትቀበላለህ። ስታዲየሙ ራሱ የመንግሥት ነው። በ1988 ቡድኑ ወደ ፍሎሪዳ ሊሄድ ነው ተብሎ የኢሊኖይ ምክር ቤት እስከ ጁን 30 እኩለ ሌሊት ሕግ ማውጣት ነበረበት፤ ጊዜው ሲያልፍባቸው የምክር ቤቱን ሰዓት አቁመው አጸደቁት። ሰዓት እንኳ ለቡድኑ ይቆማል! ያ ስታዲየም በ1991 ተከፈተ። በ2024 ደግሞ፣ በዚያው በተዋረድንበት ዓመት፣ ለሌላ አዲስ ስታዲየም ከሕዝብ ገንዘብ አንድ ቢሊዮን ዶላር ያህል መጠየቁ ተዘገበ።

በሴፕቴምበር 24፣ 2024 ማታ ስታዲየም ነበርኩ። ቡድኑ 120 ተሸንፏል፤ ያን ቀን ከተሸነፈ ክብረ ወሰኑ በቤቱ ሊሰበር ነው። ከላይኛው ፎቅ አጠገቤ አንድ ሽማግሌ በወረቀት ላይ እያንዳንዷን ውርወራ በእርሳስ ይመዘግባል። ሕዝቡ መጮኽ ጀመረ፦ «ሴል ዘ ቲም! ሴል ዘ ቲም!» ቡድኑን ሽጠው ማለታቸው ነው። ሽማግሌው አብሮ አልጮኸም፤ ቀናም አላለም። በስምንተኛው ኢኒንግ ዋይት ሶክስ ሦስት አስቆጥሮ 3 ለ 2 አሸነፈ። ያኔ ሰውየው እርሳሱን ወደ ኪሱ ከተተና «ለመሸነፍ እንኳ እምቢ አሉ» አለኝ፤ ዓይኑ ግን ይስቅ ነበር። በሦስተኛው ቀን በዲትሮይት ሜዳ 121ኛው መጣ። የኛ ውርደት ለዲትሮይት ከ2014 ወዲህ ያላዩትን የማጣሪያ ቦታ ሰጣቸው።

ጋሼ ያን ማታ አብሮኝ እንዲመጣ ለምኜው ነበር። እምቢ አለ።

«እኔ ትኬት አልገዛም» አለ።

«ጋሼ፣ ቡድኑ እኮ ያንተ ነው።»

«ቡድኑ የኔ ነው፤ ትኬቱ ግን የሳቸው ነው። አንተ ልጅ፣ አክሲዮን አለኝ? የለኝም። ድምፅ እሰጣለሁ? አልሰጥም። ያለችኝ አንዲት ወንበር ናት። እሷን ባዶ አድርጌ ካላሳየኋቸው በምን ያዩኛል?»

ተከራከርኩት። ባዶ ወንበር የሚጎዳው ማንን ነው አልኩት። ተጫዋቾቹ በዚያ ዓመት ዝቅተኛው ደመወዛቸው 740 ሺህ ዶላር ነው፤ ለነሱ አናለቅስም። ግን ኦቾሎኒና ቢራ ተሸክሞ ደረጃ ለደረጃ የሚሮጠው ሰው በሸጠው ልክ ነው የሚያገኘው። ሰው ሲቀር መጀመሪያ የሚራበው እሱ ነው፤ ባለቤቱ መጨረሻ ነው የሚሰማቸው፣ እሱም ከተሰማቸው። ጋሼ ጥቂት ዝም ብሎ «እውነትክን ነው» አለ። ከዚያ ግን ጨመረበት፦ «ቢሆንም እኔ ዝም ብዬ መጥቼ ባጨበጭብ ያንን ሰው የሚያስርቡት እኔን ተማምነው ነው።» ይህን መልሴ አላገኘሁለትም። አሁንም አላገኘሁለትም።

ከዚያ ወዲህ ጥቂት ነገር ተለውጧል። በ2025 በአዲስ አሠልጣኝ በዊል ቬነብል ቡድኑ 60 አሸንፎ 102 ተሸነፈ። ኮልሰን ሞንትጎመሪ የሚባል ወጣት በግማሽ ዓመት ውስጥ 21 ሆም ራን መታ። በሜይ 2025 የቺካጎው ተወላጅ ሊዮ 14ኛ የሮማ ጳጳስ ሆነው ሲመረጡ የዋይት ሶክስ ቲፎዞ መሆናቸው ታወቀ፤ በ2005 ፍጻሜ የመጀመሪያው ጨዋታ ላይ ከሕዝቡ መሐል ተቀምጠው ታይተዋል። ጋሼ ኦርቶዶክስ ነው፣ ሆኖም «ሰውየው መከራ ያውቃሉ» ብሎ አከበራቸው። በጁን ደግሞ ጀስቲን ኢሽቢያ የሚባሉ ባለሀብት ድርሻ እየገዙ እንዲገቡ ስምምነት ተፈረመ። ራይንስዶርፍ ከ2029 እስከ 2033 ከፈለጉ ሙሉውን መሸጥ ይችላሉ፤ ከ2034 በኋላ ግን የመግዛቱ መብት የኢሽቢያ ነው። ጋሼ ይህን ሲሰማ በጣቱ ቆጠረ። ያኔ ዕድሜው ስንት እንደሚሆን ነበር የሚቆጥረው።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ «የዱላ ጨዋታ» ብላችሁ የምትስቁብኝ፣ ነገሩ ይህ ነው። ፍርዴን በአጭሩ ልስጥ። መሸነፍ ነውር አይደለም፤ ማንም ይሸነፋል። ነውሩ የተሸነፈው ሌላ፣ የከፈለው ሌላ፣ የወሰነው ሌላ ሲሆን ነው። ቲፎዞ ያለው ሥልጣን ሁለት ብቻ ነው፦ መምጣትና መቅረት። ሁለቱንም ያስከፍሉታል። እኔ እመጣለሁ፣ እጮኻለሁም። ጋሼ ይቀራል፣ ግን ታክሲው ውስጥ ሬዲዮውን አይዘጋም። ማናችን ትክክል እንደሆንን አንድ ቀን የሚነግረን የቢሮው ሰው ከተገኘ፣ ያኔ ቡድኑ መዳን ጀምሯል ማለት ነው።