ሲቀደድ አያምም
መነጽሬን ሳወልቅ ጥርት ብሎ የሚታየኝ እስከ 12.5 ሴንቲ ሜትር ድረስ ነው፤ 1 ሜትር ለ8 ሲካፈል። ማይነስ 8 ነኛ! መስታወት ርቀቱን እጥፍ ስለሚያደርገው፣ ዓይኔ ውስጥ የገባውን ለማየት አፍንጫዬ መስታወቱን ሊነካ ምንም አይቀረው።

ስለዚህ ዱርቤቴ በጤፍ ውቂያ ሰሞን እብቅ ሲገባብኝ የምታይልኝ እናቴ ናት። "እሸው" የሚለኝ አይጠፋም። አላሸውም፤ በንጹሕ ውሃ እናጥበዋለን። እስከ ማግስቱ ከቀላና ካመመ ሐኪም ጋ መሄድ ነው። ከእህሉ ጋር ፈንገስ ሊገባ ይችላል፤ በዘፈቀደ የሚገዛ የስቴሮይድ ጠብታ ደግሞ ያባብሰዋል።

እኔን የሚያስፈራኝ ግን ምት ነው። የእኛ ዓይነት ዓይን ወደ ኋላ ስለሚረዝም ሬቲናው ተወጥሮ ይሳሳል። ሲቀደድ ደግሞ አያምም። ምልክቱ ብልጭታ፣ ድንገት የሚበተን ጥቁር ነጠብጣብ፣ ከጎን እንደ መጋረጃ የሚመጣ ጥላ ነው። ይሄን ካያችሁ በዚያው ቀን ሂዱ።

አምና የመንሽ እጀታ መታኝ። ሕመሙ በሰዓት ውስጥ ጠፋ፤ "ተመስገን፣ ዳነ" ተባለ። እኔ ግን ብልጭ ብልጭ ሲልብኝ ባሕር ዳር ሄድኩ። ሐኪሟ በጠብታ ብሌኔን አስፍታ ሬቲናውን ዙሪያውን አየችው፤ አልተቀደደም። እስከ ማታ ብርሃን እያጥበረበረኝ ኮድ ማንበብ አቃተኝ። ለአለቃዬ "ዛሬ ዓይኔ ከልክ በላይ ተከፍቷል" ብዬ ጻፍኩለት።