ጓሮና ቢላዋ

አደጋ በተባለ ቁጥር በብዙ ሰው ኅሊና ቀድሞ የሚደርሰው ድንገተኛው ነው፤ የሚናደው ተረተር፣ ከዳርቻው የሚወጣው ወንዝ፣ ሌሊት ጎጆ የሚበላው እሳት። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰው መቅሠፍት ይህን አሳብ ይበልጥ አጽንቶታል። በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት አካፋ ያለው አካፋ፣ የሌለው ባዶ እጁን ይዞ የሮጠው ጎረቤት ሁለተኛው ናዳ ወርዶበት፣ የሟቾቹ ቁጥር ከ200 በላይ ሆነ።

ከሁለት ወር በኋላ፣ ለመስቀል፣ አንድ መምህር ከሆሳዕና ተነሥቶ በከምባታ ወደምትገኘው ትውልድ መንደሩ ወደ አዲሎ ሲሄድ በቦርሳው ውስጥ አንድ ደብተር ነበረ። ለተማሪዎቹ ያዘጋጃቸውን ጥያቄዎች በመጀመሪያ በገዛ እናቱ ቤት ሊሞክራቸው አስቧል። ጎርፍ ቢመጣ ቤተሰቡ በየት ይወጣል? ምድጃው ከሣር ክዳኑ ምን ያህል ይርቃል? ለክፉ ቀን የተቀመጠ ነገር አለን?

ስድሳን ያለፉት እናት የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች ቶሎ ቶሎ መለሱ። ከቤቱ በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ አለ፤ አባትየው በሕይወት ሳሉ የቆፈሩት ነው፤ በየሰኔው ይጠረጋል። እሳቱም ማታ ማታ በአመድ ይዳፈናል። ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ሲደርሱ ግን መልስ አልሰጡም። ተነሥተው በጓሮ በር ወጡ፤ ልጃቸውም ተከተለ።

ጓሮው እንሰት ነው፤ በከምባትኛ ዌሳ ይባላል። የአንድ ዓመቱ ከአንድ ዓመቱ፣ የአራት ዓመቱ ከአራት ዓመቱ ጋር በረድፍ ቆሟል። እናት በእጃቸው ግንዱን እየነኩ ቆጠሩ። «ይኼ የዘንድሮ ነው። ይኼ የከርሞ። ይኼ የከርሞን ወዲያ።» ከአጥሩ ሥር ወደቆሙት ወፋፍራሞቹ ሲደርሱ ድምፃቸው ዝግ አለ። «ይኼ የማንም አይደለም» አሉ።

የማንም አለመሆኑ እንግዲህ የክፉ ቀን መሆኑ ነው። ጤፍና በቆሎ ወቅታቸውን ጠብቀው ይመጣሉ፤ ወቅቱ ሲያልፍ ያልፋሉ። እንሰት ግን ቀን አይቆረጥለትም። ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላ ለመፋቅ ሲደርስ ባይፈለግ ቆሞ ይጠብቃል፤ ሲፈለግ ተፍቆ፣ በቅጠሉ ተጠቅልሎ ጉድጓድ ይገባና ቆጮ ሆኖ ወራትን፣ ሲብስም ዓመትን ያሳልፋል። እንሰትን አልምቶ ለምግብነት ያበቃው የኢትዮጵያ ገበሬ ብቻ ነው፤ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሕዝብም ኑሮው ከእርሱ ጋር የተያያዘ ነው ይባላል። በአገሪቱ ኪነ ጥበብ ረሃብ በተዘረጋ እጅ ብዙ ጊዜ ተሥሏል፤ እግሯን በግንዱ ላይ አሳርፋ እንሰት የምትፍቅ ሴት እጅ ግን ሠዓሊም ባለቅኔም እምብዛም አልጎበኘውም። ይህ ቅር የሚያሰኝ ነው።

እናት የ2000 ዓ.ም.ን በልግ ሳያነሡ አልቀሩም። በዚያ ዓመት በከምባታ፣ በሐዲያና በወላይታ የበልጉ ዝናብ ቀረ፤ ስኳር ድንቹም ከሸፈ። ቆይቶ ዝናቡ መጣና ምድሩ ለመለመ፤ ነገር ግን የለመለመው ለአፍ አልደረሰም ነበርና ሕፃናት በአረንጓዴ ማሳ መካከል ከሱ። «አረንጓዴ ረሃብ» የተባለው ይኸው ነው። በዚያን ጊዜ የማንም ያልሆነው ረድፍ አለቀ፤ ቀጥሎ የሦስት ዓመቱ ቡቃያ ተቆረጠ። ያልደረሰ እንሰት የሚሰጠው ጥቂት ነው፤ ቀለብነቱም ለጥቂት ቀን፤ ጓሮው ግን መልሶ ለመቆም አምስት ዓመት ፈጀበት። ረሃቡ በወሬ ደረጃ በዚያው ክረምት አልቋል። በዚህ ጓሮ ግን እስከ 2005 ዓ.ም. ድረስ ቆይቷል።

ታናሽ ወንድምየው ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲሄድም ሁለት ረድፍ ለመንገዱ ተሽጧል። አሁን ገንዘብ ይልካል፤ የቤቱ ቆርቆሮም የእርሱ ነው። እናት ያመሰግኑታል፤ ሁለቱን ረድፍ ግን ቀስ በቀስ መልሰው ተክለዋል።

መምህሩ ይህን ሁሉ እየጻፈ ሳለ ዓይኑ ከወፋፍራሞቹ በአንዱ ላይ አረፈ። የመካከሉ ቅጠል ቢጫ ሆኖ፣ ጫፉ ተሰብሮ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ግንዱን ቆረጥ ሲያደርገው ከቁርጡ ላይ ቢጫ ፈሳሽ አንጠፈጠፈ። እናት ዝም አሉ። ካዩት ሳምንት አልፎታል።

የእንሰት አጠውልግ መድኃኒት የለውም። በባክቴሪያ የሚመጣ መሆኑ በሳይንስ ከተገለጸ ከ1960 ዓ.ም. ወዲህ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኗል፤ በ1990ዎቹም ኡጋንዳ ውስጥ ሙዝን ሲያጠቃ ታይቷል። በሽታው ከጓሮ ወደ ጓሮ የሚሻገርበት ዋናው መንገድ ቢላዋ ነው። የታመመውን የቆረጠ ስለት ጤነኛውን ሲቆርጥ ያሳምመዋል። በአዲሎ መንደር ደግሞ ሴቶች እንሰት የሚፍቁት ተሰባስበው ነው፤ ዛሬ በአንዷ፣ ነገ በሌላዋ ቤት፤ ቢላዋውም እንደ እሳት ጭራሹ ከቤት ቤት ይዋሳል። የጎረቤት ጓሮ ከታመመ ወር አልፎታል።

መምህሩ ነገሩ ቀላል መሰለው። ቢላዋ መዋዋስ ይቅር፤ ከሌላ ጓሮ የመጣ ስለትም እዚህ አይግባ አለ።

እናት ተቆጡ። «ያቺ ሴት አባትህ ሲሞት ሦስት ቀን ከዚህ ቤት አልወጣችም። ቢላዋሽ አይግባ ብዬ በምን አፌ ልንገራት? እኔስ ስሞት ማን ሊያነሣኝ ነው?»

በደብተሩ ላይ ለዚህ የተዘጋጀ ጥያቄ አልነበረም። ጎረቤት የሌለው ቤት ቦይ ቢኖረውም፣ ጉድጓዱ ቆጮ ቢሞላም፣ በናዳ ቀን አካፋ ይዞ የሚሮጥለት የለውም፤ ይህን እናት ከመምህሩ ይልቅ ያውቁታል። ታዲያ የማንም ያልሆነውን ረድፍ ማዳንና ጎረቤትን አለማስቀየም በአንድ ጓሮ እንዴት ይገጥማሉ?

በማግሥቱ ሴቶቹ ለበዓሉ ሲመጡ እናት በጓሮው በር ላይ ፍም አውጥተው አስቀምጠዋል። ማንንም አልጠየቁም። የራሳቸውን ቢላዋ ከወገባቸው አወጡና በሁሉም ፊት በመጀመሪያ እርሱን እሳቱ ላይ አገላበጡት። «የእኔ ጓሮ ታሟል» አሉ። «ወደ እናንተ እንዳላደርሰው ነው።» ዝምታ ሆነ። ጓሮዋ ቀድሞ የታመመባት ጎረቤት ወደ ፍሙ ቀረበች፤ የእርሷንም ቢላዋ አስገባች፤ ከእናትየውም ይልቅ አቆይታ አወጣችው።

መምህሩ ከአጥሩ ሥር ነበር። የታመመውን ግንድ ከነሥሩ ነቅሎ፣ ከብት ከማይደርስበት ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ ሲቀብረው ከሰዓት በኋላ ሆነ። ዶማውን አጥቦ በፍሙ ላይ አሳልፎ ሲመለስ እናት ክፍተቱን በእርምጃ ይለኩ ነበር። በዚያ ቦታ እንሰት ቶሎ አይተከልበትም፤ አፈሩ ማረፍ አለበት። ምን ይዘራበት እንደሆነ ጠየቁት። ጎመን አለ። እናት ጥቂት አሰቡና ቦይው ውኃውን ወደዚያ እንዳያወርድ አፉን በስተግራ እንዲያዞረው ነገሩት። ገና እጁን አልታጠበም ነበር፤ ዶማውን መልሶ አነሣው።