ባትሪው ምን በደለ?

በሐምሌና በነሐሴ ማለዳ አዲስ አበባ ውስጥ ከዶሮ ጩኸት ቀጥሎ የሚሰማ አንድ ድምፅ አለ። ከየግቢው፣ ከየአጥሩ ሥር፣ አልነሣም ያለ መኪና ያቃስታል። «እ... እ... እ...» ይላል፤ ያርፋል፤ እንደገና ያቃስታል። ከዚያ በሩ ይከፈትና ባለቤቱ ወጥቶ ዙሪያውን ይቃኛል። ገፊ ፍለጋ ነው። ሰፈሩ ቁልቁለት ካለው ዕድለኛ ነው፤ ለቀቅ አድርጎ በሁለተኛ ማርሽ ያስነሣዋል። ሜዳ ላይ ከሆነ ግን የጎረቤት ልጆች እስኪሰበሰቡ መጠበቅ አለበት። በዚህ መሐል ያለፈ ያገደመው ሁሉ ሳይጠየቅ ፍርድ ይሰጣል፤ «ባትሪው ጨርሷል!»

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይህ ፍርድ ነው። ማንም ኮፈኑን ከፍቶ ሳያይ፣ ማንም ሳይለካ፣ ባትሪው የመጀመሪያው ተከሳሽ ብቻ ሳይሆን የመጀመሪያው ፍርደኛም ይሆናል። ምስክር አይጠራለትም፤ ይግባኝም የለውም። ብዙ ጊዜ በእርግጥም ጥፋተኛ ሆኖ ይገኛል። ግን ሳያጠፋ የተቀጣ ስንት ባትሪ ይኖር ይሆን? ከባትሪው ጋር አብሮ የተቀጣስ ስንት ኪስ?

የእናቴ ታናሽ ወንድም የሚኒባስ ታክሲ ሹፌር ነው። መኪናዋን በዕቁብና በብድር ገዝቶ ዕዳዋን ገና ከፍሎ አልጨረሰም። የታክሲ ዋናው ገቢ የሚገኘው ሠራተኛና ተማሪ በሚወጣበት በማለዳው ሰዓት ነው። ባለፈው ክረምት መኪናዋ ያንኑ ሰዓት እየመረጠች ማቃሰት ያዘች። ግንቦት ላይ አዲስ ባትሪ ገዝቶላት ነበር። የሸጠለት ሱቅ ሄዶ ቢከራከር፣ «እኛ የሸጥንልህ ጤነኛ ነው» ብለው ሸኙት። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሌላ ሊገዛ ተነሣ። ገንዘቡ ደግሞ የተረፈ ገንዘብ አልነበረም፤ ለልጁ የመስከረም የትምህርት ቤት ክፍያ የተቀመጠ ነው። ሚስቱ ምንም አልተናገረችም። የእሷ ዝምታ ከጭቅጭቅ እንደሚከብድ የምናውቅ እናውቃለን።

አብሬው የሄድኩት በዚህ ምክንያት ነው። ሶማሌ ተራ ገብተን ባትሪ ከመግዛታችን በፊት፣ ሸራ ወጥረው የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ጎራ እንበል አልኩት። ሽማግሌው ከተቀመጡበት ሳይነሡ ጠየቁት።

«ስታስነሣት ምን ትላለች?»

«ምን ትላለች ጋሼ! አልነሣም ትላለች እንጂ!»

«እሱን አልጠየቅሁህም ልጄ። ድምፅዋን ነው።»

አጎቴ ግራ ተጋባ። እኔ ግን ጆሮዬን አቆምኩ፤ እንደ ጥሩ ሐኪም ሕመምተኛውን ሳይነኩ ታሪኩን የሚጠይቁ ባለሙያ ማግኘት ቀላል አይደለምና። ሽማግሌው የሚሉት እንዲህ ነው። ቁልፉ ሲዞር ጭራሽ ፀጥ ካለ፣ የተበጠሰ ወይም የላላ ነገር አለ፤ ወይም ባትሪው ፈጽሞ ባዶ ነው። «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» እያለ ከተንጣጣ አብዛኛውን ጊዜ የባትሪው ኃይል ወርዷል፤ ወይም ማሰሪያው ቆሽሿል። አንድ ጊዜ ብቻ «ጠቅ» ብሎ ዝም ካለ ሞተሪኖው ይጠርጠር። ሞተሪኖው በደንብ እያዞረ ሞተሩ አልነሣ ካለ ግን ባትሪውን ተዉት፤ ነዳጅ ወይም ካንዴላ ነው የሚጠየቀው። በዝግታ ካቃሰተ ደግሞ ገና ምርመራ ይቀረዋል።

የአጎቴ መኪና የምታቃስተዋ ነበረች። «ትልቁን መብራት አብራና አስነሣ» አሉት። ይህ ፈተና ምንም መሣሪያ አይፈልግም፤ አንባቢዬም ነገ ጠዋት ሊሞክረው ይችላል። በማስነሣቱ ጊዜ መብራቱ ሊጠፋ እስኪደርስ ከደበዘዘ ባትሪው ባዶ ነው ወይም ደክሟል፤ አለዚያም የባትሪው ማሰሪያ ላልቷል። መብራቱ ደምቆ እያለ ሞተሪኖው ብቻ ከሰነፈ ግን ጉልበቱ ባትሪው ውስጥ አለ ማለት ነው፤ የቀረው መንገድ ላይ ነው። የአጎቴ መብራት እምብዛም አልደበዘዘም።

ከዚያ በኋላ ነው ሽማግሌው ቴስተራቸውን ያወጡት። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ስድስት ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ ሲሞላ 2.1 ቮልት ያህል ይሰጣል። ስለዚህ ሞልቶ ለጥቂት ሰዓታት ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት ግድም ማሳየት አለበት። 12.2 ካሳየ ግማሹ አልቋል፤ ከ12 ከወረደ መሞላት እንጂ መፈረድ አይገባውም። ሞልቶም ቢሆን ሞተሪኖው ሲያዞር ቮልቱ ከ9.6 በታች ከወደቀ ያን ጊዜ በእርግጥ አርጅቷል። የአጎቴ ባትሪ በዕረፍት 12.5፣ በማስነሣት ጊዜ 11 አሳየ። ጤነኛ ነው። ሱቁ እውነቱን ኖሯል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። መኪና ማስነሣት ብዙ ስንቅ አይጠይቅም፤ ጉልበት ነው የሚጠይቀው። ሞተሪኖ በነዚያ ጥቂት ሰከንዶች 150፣ 200 አምፒር፣ በናፍጣ ሞተር ላይ ደግሞ ከዚያም በላይ ይስባል። 200 አምፒር ለሦስት ሰከንድ ቢስብ ግን የ60 አምፒር ሰዓት ባትሪ ከያዘው ከ300 አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ጭንቁ ያን ሁሉ ኃይል በአንድ ጊዜ ማሳለፉ ላይ ነው። ለሬዲዮና ለመብራት የሚበቃ ሽቦ፣ ለሞተሪኖ በሚሄደው ጎርፍ ፊት እንደ ጠባብ ድልድይ ይሆናል። «ሬዲዮው ይሠራ የለም እንዴ?» ማለት ስለዚህ ማስረጃ አይሆንም።

ሽማግሌው የቴስተሩን አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ብረት ላይ አድርገው «አስነሣ!» አሉ። በሁለቱ መካከል ግማሽ ቮልት እንኳ መጥፋት የለበትም። ከ2 ቮልት በላይ ጠፋ። ሞተሩን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘው፣ መካኒኮች «ማሳ» የሚሉት ገመድ፣ ከውጭ ሲያዩት ደህና ነው፤ ፕላስቲኩ ሲላጥ ግን መዳቡ አረንጓዴ ሆኖ ተበልቷል። በጠዋቱ ብርድ የሞተሩ ዘይት ሲወፍርና ሞተሪኖው የበለጠ ጉልበት ሲፈልግ፣ ያ የተበላ ገመድ አላሳልፍ ይላል። ቀን ሲሞቅ ትንሽ ይሻለዋል። አዲሱ ባትሪም ለጊዜው በትኩስ ጉልበቱ ችግሩን ሸፍኖት ኖሯል።

ገመዱ ተቀየረ። ዋጋው ለሁለት ሰው ምሳ አይበቃም። መኪናዋ በአንድ ቁልፍ ተነሣች። አጎቴ ግን አልሳቀም። ግንቦት ላይ ለቆራሌው የሸጠው አሮጌው ባትሪ ትዝ ብሎት ነው። «እሱም ጤነኛ ነበር ማለት ነው?» አለ። ሽማግሌው አልመለሱለትም፤ የሌለን ባትሪ መለካት አይቻልምና።

ሊያስከፍሉን ሲሉ ሞተሩ እየሠራ አንድ ጊዜ ደግመው ለኩ፤ ዲናሞው በደንብ እየሞላ ከሆነ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ያህል ይታያል። ከ13 በታች ከሆነ ባትሪው እየተራበ ነውና ዲናሞው ወይም ቺንጋው መታየት አለበት። ይህን ሳያዩ ባትሪ መቀየር፣ የሚያፈስ እንስራ ሳይደፍኑ ውሃ መቅዳት ነው። ሌሊት መኪና ቆሞ የሚሰርቅ ነገርም አለ። የተረሳች የ10 ዋት አምፖል በ12 ሰዓት ውስጥ 10 አምፒር ሰዓት ትጨርሳለች። እንዲህ ባዶ ሆኖ የሚከርም ባትሪ ደግሞ ሰሌዳዎቹ ላይ የሚጋገረው ነገር ይደነድንና ኋላ ቢሞላም እንደ ቀድሞው አይሆንም። መክደኛው የሚከፈት ባትሪ ሲጎድል የሚጨመርለት የተጣራ ውሃ ብቻ ነው፤ የሚተነው ውሃው እንጂ አሲዱ አይደለምና። ሲፈቱ ኔጌቲቩን አስቀድሙ፤ አጠገቡ እሳት አታቅርቡ፤ ባትሪ ሲሞላ የሚያወጣው ጋዝ ይፈነዳል።

ለነገሩ ባትሪ ይህን ሁሉ ሸክም የተሸከመው በኋላ ነው። ባለ እርሳሱን ባትሪ ፈረንሳዊው ጋስተን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 ሠራው፤ መኪና ግን ለረጅም ጊዜ ሲነሣ የኖረው ከፊት ለፊቱ በሚዞር ማኖቬላ፣ በሰው ክንድ ነበር። ማኖቬላው መልሶ ሲመታ ክንድ ይሰብራል። በአሜሪካ የቻርልስ ኬተሪንግ የኤሌክትሪክ ማስነሻ እ.ኤ.አ. በ1912 ካዲላክ ላይ ከተገጠመ በኋላ ነው ያ ድካም ከሰው ክንድ ወደ ባትሪ የተዛወረው። ክንዳችንን ያዳነልንን ነገር ሳንመረምር ለመጣል መቸኮላችን፣ ትንሽ ውለታ ቢስነትም አለበት።

አሁን ደግሞ ዘመኑ እየተለወጠ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በከተማችን በርክተዋል። «ከባትሪ ጣጣ ተገላገልን» የሚል ሰው ካለ ግን ይጠብቅ። አብዛኞቹ ወለላቸው ሥር ከተዘረጋው ትልቅ ባትሪ ሌላ አንድ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አላቸው፤ በሮቹንና ኮምፒውተሩን የሚቀሰቅሰው እሱ ነው። እሱ ከደከመ ትልቁ ሞልቶ እያለ መኪናው አይነቃም።

አጎቴ የተቀመጠውን ገንዘብ ወደ ቦታው መለሰ፤ ልጁም መስከረም ላይ ተመዘገበች። አንድ ትንሽ ቴስተር ገዝቶ ከመሪው በስተቀኝ ያለው ኪስ ውስጥ አኑሯል። አሁን ተራ ላይ የሌላ ሹፌር መኪና ሲያቃስት ሰው ሁሉ «ባትሪ ነው!» ሲል፣ እሱ ወርዶ መጀመሪያ መብራቱን ያስበራል።