ቤትና የገመድ ማለፊያው

ውሃና መብራት የሌለው ቤት ሙሉ ቤት አይባልም። በዛሬው ዘመን ደግሞ ኢንተርኔት ሦስተኛው ጓዝ ሆኗል። ይህንንም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2023 ጦርነት ከመነሣቱ በፊት፣ በካርቱም በአል-ጣኢፍ ሰፈር በተከራየሁት አዲስ ቤት ተረድቼዋለሁ። ግድግዳው የገመድ ማለፊያ አልተተወለትም ነበር። ባለቤቱም እንዳይበሳ ከለከሉ፤ አዲስ የተቀባ ግድግዳ ማን ያስበሳል? ስለዚህ ገመዱ በመስኮት ገባ፤ መስኮቱም አልገጥም አለ። ሀቡብ የተባለው የአቧራ ነፋስ በተነሣ ቁጥር ልጆቼ ከትምህርታቸውና ከንጹሕ አየር አንዱን መምረጥ ግድ ሆነባቸው።

ግንቡ ሲሠራ ባዶ ቱቦ መቅበር ቀላል ነው፤ ከተለሰነ በኋላ ግን መሰርሰር፣ እንደገና መለሰንና መቀባት ይከተላል። የአውሮፓ ኅብረት ይህን አይቶ፣ ከ2016 መጨረሻ በኋላ ፈቃድ የሚጠየቅባቸው አዳዲስ ሕንጻዎች ማለፊያው እንዲኖራቸው በ2014 መመሪያ አወጣ። እንግሊዝም ከዲሴምበር 26 ቀን 2022 ጀምሮ፣ ወጪው ለአንድ ቤት ከ2,000 ፓውንድ እስካላለፈ ድረስ፣ ቤት ሠሪው ፈጣን መስመር እንዲያስገባ ደነገገች።

የግንባታ ፈቃድ የምትሰጡ ሹማምንት ሆይ፣ በፕላን ላይ የምታስጨምሩት አንድ መስመር ለማታውቁት ተከራይ ልጅ የትምህርት በር ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና፣ ግንቡ ሳይለሰን ቱቦው ይቀበር።