ጥፋቱ የግራዋው አልነበረም!

መቼም ሰው ሆኖ የሚያፍርበት ነገር የሌለው የለም። የእኔ በአንድ ቅጠል የተነሳ ነው።

ለሻደይ በዓል ሰቆጣ የሄድኩ ጊዜ ነው። የአዲስ አበባ ልጅ አይደለሁ? በዚያ ሁሉ ድንጋይ ላይ ባለ ታኮ ጫማ አድርጌ ስጨፍር ወደቅኩና ጉልበቴ ተላጠ። እምዬ (አያቴን ነው) ቁስሉን በውሃ አጠበችልኝ። ከዚያ ከጓሮ ግራዋ ቀጥፋ፣ በመዳፏ አሽታ ለጠፈችበት።

«በጠላ እንስራ ማጠቢያ እኔ ልታከም?» አልኩ በሆዴ። ማታ ሁሉም ሲተኛ ቅጠሉን አራግፌ ጣልኩት። ቦርሳዬ ውስጥ የከረመ አሞክሳሲሊን ነበረኝ። ካፕሱሉን ከፍቼ ዱቄቱን ነሰነስኩበትና በሻርፕ ጥፍር አድርጌ አሰርኩት። ስልጣኔ መሆኑ ነው!

በሦስተኛው ቀን ጉልበቴ አብጦ መግል ቋጠረ። ዘመድ ሁሉ እምዬ ላይ ወረደባት። «በዚህ ዘመን ቅጠል? ልጂቱን ልትገያት ነው?» እሷ አንገቷን ደፋች። እኔስ? አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ግን «ይሄ ነጭ ነገር ምንድነው?» ስትለኝ ተያዝኩ፤ ነገርኳት። ቁስሉን አጠበች፣ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ ወጋችኝ፣ መድኃኒት ሰጠችኝ። «የሚዋጥ ይዋጣል እንጂ አይነሰነስም። አላግባብ ስትጠቀሚበትም ጀርም መድኃኒቱን ሊለምደው ይችላል» አለችኝ።

«ቅጠሉስ?» አልኳት።

«ቅጠልም ከጓሮ ጀርም ይዞ ሊመጣ ይችላል። እሳቸው ግን ቢያንስ አጥበውልሻል።»

አዲስ አበባ ስመለስ ነገሩ አላስተኛ አለኝ፤ ማንበብ ጀመርኩ። ለካ ሳይንቲስቶች ከግራዋ ቅጠል ቨርኖላይድና ቨርኖዳሎል የሚባሉ ውህዶችን ለይተው አውጥተዋል! የደቡብ አፍሪካ ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ሁለቱ ውህዶች አንዱን ወገን ባክቴሪያ ሲገድሉ ሌላውን ወገን ግን ምንም አላሉትም። ያውም ተጣርተው፣ ተመዝነው፣ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ። የእምዬ ጭብጥ ውስጥ ስንቱ እንዳለ ማን መዘነው? የሰው ጉልበትስ ሳህን ነው እንዴ?

ግን መናቅም አይገባም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ፣ የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ትልቁ ግኝት የተጀመረው ከእነዚያ ልብስ አጣቢ እናቶች ነው። እናቶች ያዩትን ሳይንስ ይፈትነው፤ እስኪፈተን ድረስ ግን ቁስልን በንጹህ ውሃና በሳሙና አጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ ነው። ካፕሱል መበተን ደግሞ ከቅጠሉም አይሻልም።

በመጨረሻ ለእምዬ ስልክ ደወልኩና ሁሉንም ተናዘዝኩ። ትንሽ ዝም ብላ ቆየች።

«አውቄያለሁ» አለችኝ። «ቅጠሉን ጠዋት ቤት ስጠርግ አግኝቼዋለሁ።»

እንግዲህ ያን ሁሉ ስድብ የጠጣችው እያወቀች ነው! ዘመዶቼ ይህን ጋዜጣ ካነበባችሁ፣ እባካችሁ እምዬን ይቅርታ ጠይቁልኝ።

እናንተስ… ቦርሳችሁ ውስጥ የከረመ ካፕሱል የለም?