ፍጻሜውን አትንገሩ

የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. የታተመ፥ ታሪኩም ከእኛ ከዓባይ ማዶ፥ በጎጃም የሚጀምር ልብ ወለድ ነው። በ2017 ዓ.ም. በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሆኖ ሲቀርብ፥ ነቀምቴ በሚገኘው ቤታችን ቤተ ሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ ይመለከት ነበር።

እኔ መጽሐፉን አስቀድሜ አንብቤ ስለ ነበር፥ አዋቂ ለመምሰል የበዛብህንና የሰብለን መጨረሻ ለታናሽ እኅቴ ነገርኋት። እርሷም አለቀሰች፤ ከዚያም ወዲህ ድራማው ሲጀመር ተነሥታ ትወጣ ጀመር።

«አርእስቱ ራሱ መቃብር ይል የለም ወይ?» ብዬ ተከራከርሁ። አያቴ ግን እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፥ እኔ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው አንተ ሳትወለድ ሰምቼዋለሁ። ይህን ሁሉ ምሽት አብሬያችሁ ስቀመጥ፥ ቀጥሎ የሚመጣውን አንድ ቀን ስናገር ሰምተኸኛል? አርእስቱ መቃብሩን ይነግራል እንጂ መንገዱን አይነግርም። አንተ ግን መንገዱን ወሰድህባት።»

እጅግ አፈርሁ። እኅቴን ይቅርታ ብጠይቃትም፥ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና የነገርኋትን ልመልሰው አልቻልሁም።

ውድ ጓደኞቼ፥ ስለ መጽሐፍም ሆነ ስለ ፊልም መልካሙን ማመስገን፥ ደካማውን መንቀፍ ተገቢ ነው። ነገር ግን አስቀድመን «አይተኸዋል ወይ?» ብለን እንጠይቅ። እኔም መጽሐፉን ገና ላላነበባችሁት መጨረሻውን እዚህ አልጽፍም።